ሁለቱ ጆን ብራውኖች፦ አንድ ስም በሁለት ችሎት ፊት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የእንግሊዞችን የቤተሰብ መጠሪያ ግን መልአክ አላወጣውም። ያወጡት ጎረቤት፣ ግብር ሰብሳቢና ጸሐፊ ናቸው። ብረት ቀጥቃጩን ስሚዝ አሉት፤ ዳቦ ጋጋሪውን ቤከር፤ ልብስ ሰፊውን ቴይለር። አንዳንዱን ደግሞ በመልኩ ለዩት። ጸጉሩ ወይም ፊቱ ጠቆር ያለውን ሰው ብራውን፣ ማለትም ቡናማው፣ ብለው ጠሩት።

በኢትዮጵያ ልማድ ቢሆን ቅጽሉ እዚያው በቀረ ነበር። ከበደ የአበበ ልጅ ከሆነ ከበደ አበበ ይባላል። የከበደ ልጅ አልማዝ ደግሞ አልማዝ ከበደ ትሆናለች፤ አበበ ወደ አያትነት ይሸሻል። በእንግሊዝ አገር ግን ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ መጠሪያው ቀስ በቀስ ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሆነ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ቡናማው ሰውዬ ሞቶ፣ የልጅ ልጆቹ ወርቃማ ጸጉር ይዘው ቢወለዱም ብራውን መባላቸው አልቀረም።

ስሙ ብዙ ቦታ ደረሰ። የእጽዋት ተመራማሪው ሮበርት ብራውን በ1827 በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ቅንጣቶች ያለ ዕረፍት ሲወዛወዙ በአጉሊ መነጽር አይቶ ስሙን ለፊዚክስ አወረሰ። ጎርደን ብራውን ከ2007 እስከ 2010 የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ጄምስ ብራውን በሶል ሙዚቃ ዓለምን አስጨፈረ። ሦስቱን ከስሙ በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም።

አሜሪካ ውስጥ ግን ነገሩ ይለያል። በ2010 የሕዝብ ቆጠራ ብራውን በአገሪቱ በብዛት አራተኛው የቤተሰብ ስም ነበር። ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይጠሩበታል፤ ከእነዚህም ከሲሶው በላይ ጥቁሮች ናቸው። የእንግሊዝ ገበሬ ቅጽል ለአፍሪካ ልጆች እንዴት ደረሰ? መልሱ ባርነት ነው። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም ሥር ሻጩም፣ ተሸጪውም፣ ነጻ አውጪውም ተመዝግበዋል። እንዲያውም ሁለት ሰዎች ከነመጀመሪያ ስማቸው አንድ ሆነው፣ ሁለቱም ጆን ብራውን ተብለው፣ በ62 ዓመት ልዩነት በባርነት ጉዳይ ችሎት ፊት ቆመዋል። አንደኛው በመነገዱ፣ ሁለተኛው በመዋጋቱ።

የፕሮቪደንስ ወንድማማቾች

በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን በሮድ አይላንድ፣ ፕሮቪደንስ በምትባል የወደብ ከተማ አራት ሀብታም ወንድማማቾች ነበሩ፦ ኒኮላስ፣ ጆሴፍ፣ ጆንና ሞዝስ ብራውን። በ1764 ሳሊ የምትባል መርከባቸውን ወደ ምዕራብ አፍሪካ ላኩ። የመርከቡ አለቃ ኢሴክ ሆፕኪንስ 196 አፍሪካውያንን ገዛ፤ ቢያንስ 109ኙ ሞቱ። ከፊሉ በረሃብና በበሽታ፣ ከፊሉ በአመጽ ተነስተው ሲገደሉ፣ ከፊሉ ራሳቸውን አጥፍተው። ሆፕኪንስ የሂሳብ መዝገብ ይይዝ ነበር። የሟቾቹ ስም በዚያ የለም፤ ያለው «አንዲት ሴት»፣ «አንድ ወንድ ልጅ» እየተባለ የተቆጠረ ቁጥር ነው።

ከዚህ ጉዞ በኋላ ሦስቱ ወንድማማቾች ከባሪያ ንግዱ እጃቸውን ሰበሰቡ። ጆን ግን ቀጠለ።

ሞዝስ ብራውን ሚስቱ በ1773 ስትሞትበት ልቡ ተሰበረ። በዚያው ዓመት በቤቱ የነበሩትን ባሮች ነጻ ለቀቀ፤ በማግስቱ ዓመትም ባርነትን ከሚያወግዙት ክዌከር ከሚባሉ ክርስቲያኖች ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ባርነትን በመቃወም አሳለፈ። ከታላቅ ወንድሙ ከጆን ጋር በከተማው ጋዜጣ ላይ ሳይቀር ተከራከሩ። አንዱ ንግዱ ለአገር ጥቅም ነው ሲል፣ ሌላው ኃጢአት ነው አለ። ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ በአንድ መርከብ ተሻርከው፣ አንድ ስም ይዘው በተቃራኒ ቆሙ።

በ1794 የአሜሪካ ምክር ቤት ዜጎች ባሪያ ወደ ውጭ አገር ገበያ እንዳያጓጉዙ የሚከለክል ሕግ አወጣ። በ1797 በዚህ የፌዴራል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከሰሰው አሜሪካዊ ጆን ብራውን ሆነ። መርከቡ ተወረሰች። የመርከቧ ስም «ተስፋ» ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው በሕዝብ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ፤ በ1800 የባሪያ ንግዱን ይበልጥ የሚያጠብቅ ሕግ ሲቀርብም ተነስቶ ተቃወመ። የመጀመሪያው ጆን ብራውን ከችሎት ሲወጣ የጎደለበት አንድ መርከብ ነው።

የሞዝስን ታሪክም አጽድቶ ማቅረብ አይቻልም። በ1790 ሳሙኤል ስሌተር የተባለውን እንግሊዛዊ ባለሙያ በገንዘቡ ደግፎ በፖተኬት በውሃ ኃይል የሚሠራ የጥጥ መፍተያ አቋቋመ። የአሜሪካ የፋብሪካ ዘመን ከዚህ ይጀመራል። ፋብሪካው የሚፈልገው ጥጥ ግን በማን እጅ ይለቀም ነበር? በባሮች እጅ። የባርነት ጠላት የሆነው ሰው፣ የጥጥ ረሃብ የሚያባብስ ማሽን በአገሩ ተከለ።

በከተማዋ ኮሌጅ ነበረ፤ የተመሠረተው ሳሊ በተጓዘችበት በዚያው በ1764 ነው። ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ደጋፊው ነበር። በ1770 ዋናው ሕንጻ ሲገነባ ከሠራተኞቹ መካከል ባሮች ነበሩ። በ1804 የኒኮላስ ልጅ፣ ኒኮላስ ብራውን ታናሹ፣ 5,000 ዶላር ሲሰጥ ኮሌጁ በስሙ ተጠራ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ስም አገኘ።

ስሙን የመረጠው

በኬንታኪ በ1814 ገደማ ከባሪያ እናትና ከነጭ አባት ዊልያም የሚባል ልጅ ተወለደ። ጌታው ዊልያም የሚባል የወንድም ልጅ ወደ ቤቱ ሲያመጣ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዊልያም ሊኖር አይገባም ተባለ። ስሙን እንዲለቅ የተደረገው ባሪያው ነው። ሳንድፎርድ ብለው ጠሩት። እናቱ ጠዋት ማታ የጠራችበትን ስም ለጌታው ዘመድ ነጠቁት።

ከእናቱ ጋር ለማምለጥ ሞከረ፤ ተያዙ፤ እናቱ ወደ ደቡብ ተሸጠች። ጥር 1 ቀን 1834 እሱ ሲንሲናቲ ላይ ከእንፋሎት መርከብ ወርዶ ጠፋ። በክረምቱ ብርድ በጫካ ለጫካ ሲሄድ ታመመ። ዌልስ ብራውን የሚባል ክዌከር ሽማግሌ ቤቱ አስገብቶ አስታመመው። ልጁ የተወሰደበትን ስም መለሰ፤ በዚያ ላይ የሽማግሌውን ስም ደረበበት። ዊልያም ዌልስ ብራውን ሆነ።

ይህ ሰው ኋላ በኤሪ ሐይቅ ላይ ሲሠራ ሌሎች ያመለጡ ሰዎችን ወደ ካናዳ ያሻግር ነበር። በ1853 ለንደን ላይ ክሎቴል የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ፤ በአፍሪካ አሜሪካዊ የተጻፈ የመጀመሪያው ልቦለድ እየተባለ ይጠራል። በዚያን ጊዜ በሕግ ፊት ገና የሰው ንብረት ነበር። ወዳጆቹ ነጻነቱን በገንዘብ የገዙለት በ1854 ነው።

ብዙ ሰው ጥቁር አሜሪካውያን ስማቸውን በሙሉ ከጌቶቻቸው የወረሱ ይመስለዋል። የወረሱ ብዙ ናቸው። የመረጡም ብዙ ናቸው። ብራውን ለአንዱ የገዢው ማኅተም፣ ለሌላው የባለውለታው መታሰቢያ ነበር። ከስሙ ብቻ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

በሣጥን የተላከው

ሄንሪ ብራውን በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ የትምባሆ ፋብሪካ ባሪያ ነበር። ሚስቱ ናንሲና ልጆቹ የሌላ ሰው ንብረት ነበሩ። ያ ሰው ከሄንሪ ገንዘብ እየተቀበለ ላይሸጣቸው ቃል ገብቶለት ነበር። በ1848 ነፍሰ ጡሯን ናንሲንና ሦስቱን ልጆች ወደ ሰሜን ካሮላይና ሸጣቸው። ሄንሪ በሰንሰለት ከሚነዱት መካከል ሚስቱን ፈልጎ አገኛት፤ እጇን ይዞ የቻለውን ያህል መንገድ አብሯት ተራመደ። ከዚያ ተለያዩ።

በመጋቢት 1849 ሄንሪ ራሱን በፖስታ ለመላክ ወሰነ። የረዱት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ነጻ ጥቁር፣ ሌላው ነጭ ጫማ ሠሪ። ሁለቱም ስሚዝ ይባላሉ፦ ጄምስ ስሚዝና ሳሙኤል ስሚዝ። እዚህም አንድ ስም ሁለት መልክ አለው።

ሣጥኑ 91 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 81 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ነበረው። ውስጡ ትንሽ ውሃና ጥቂት ብስኩት ተደረገ። ላዩ ላይ «ይህ ጎን ወደ ላይ» ተብሎ ቢጻፍም ጫኞቹ አንዳንዴ ገልብጠው አስቀመጡት፤ ሄንሪ ዐይኑ ሊፈነዳ እስኪደርስ በጭንቅላቱ ቆሞ ተጓዘ። ከ27 ሰዓት በኋላ ፊላደልፊያ፣ በባርነት ተቃዋሚዎች ቢሮ ሣጥኑ ተከፈተ። ሰውየው ወጣ፤ እንደምን ናችሁ አላቸው፤ የዳዊት መዝሙርም ዘመረ። ከዚያ ወዲህ ሄንሪ ሣጥን ብራውን ተባለ። የስሙን መካከል ራሱ ሞላው። ነጩ ስሚዝ ግን ሌሎች ሰዎችን በዚሁ መንገድ ሊልክ ሲሞክር ተይዞ ዓመታት ታሰረ።

ሁለተኛው ጆን ብራውን

ሁለተኛው ጆን ብራውን በ1800 በኮነቲከት ተወለደ። የፕሮቪደንሱ ጆን ባሪያ ነጋዴዎችን በምክር ቤት በተከላከለበት ዓመት መሆኑ ነው። የሌላ ቤተሰብ ልጅ ነው፤ ሀብትም አላወረሰውም። ቆዳ አልፍቷል፣ በግ አርብቷል፣ በሱፍ ነግዷል፣ ከስሯል። ከሁለት ሚስቶች 20 ልጆች ወልዷል። አባቱ ባርነትን እንዲጠላ አስተምሮት አደገ፤ ጥላቻው ከዓመት ዓመት እየጋለ ሄደ።

በካንሳስ ግዛት የባርነት ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች ሲዋጉ እሱም ገባበት። በግንቦት 1856 በፖታዋቶሚ ወንዝ አጠገብ ሰዎቹን አስከትሎ አምስት የባርነት ደጋፊ ወገን ሰዎችን በሌሊት ከቤታቸው አስወጥቶ በሰይፍ አስገደለ። ይህን የሚደብቅ የጀግና ታሪክ ግማሽ ታሪክ ነው።

ጥቅምት 16 ቀን 1859 ከ21 ተከታዮቹ ጋር በሃርፐርስ ፌሪ የሚገኘውን የመንግሥት መሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ። አምስቱ ጥቁሮች ነበሩ። ዕቅዱ ባሮችን ማስታጠቅ ነበር። ፍሬድሪክ ዳግላስ አስቀድሞ ወጥመድ ነው ብሎ መክሮት ነበር። አልሰማም። በዚያ ሌሊት መጀመሪያ የሞተው ሰው ሄይዋርድ ሼፐርድ የሚባል የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ነጻ ጥቁር ነበር፤ የገደሉትም ጥቁሮችን ነጻ ሊያወጡ የመጡት ናቸው። በሁለተኛው ቀን በሮበርት ሊ የሚመሩ ወታደሮች ሰብረው ገቡ። ሁለት ልጆቹ ሞቱ፤ አባትየው ቆስሎ ተያዘ።

ችሎት ፊት ቆሞ የተናገረው ቃል ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ይህንኑ ሥራ ለሀብታሞችና ለኃያላን ብሎ ሠርቶት ቢሆን ኖሮ፣ ፍርድ ቤቱ ከቅጣት ይልቅ ሽልማት ይገባዋል ባለ ነበር። ስለ ፕሮቪደንሱ ጆን ብራውን የተናገረ ይመስላል። ያኛው ለሀብት ሲል ሕግ ጥሶ አንድ መርከብ ቢያጣ የምክር ቤት ወንበር አገኘ። ይሄኛው በአገር ክህደት ተፈርዶበት ታኅሣሥ 2 ቀን 1859 ተሰቀለ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ፤ የሰሜን ወታደሮችም የጆን ብራውንን ስም የሚጠራ መዝሙር እየዘመሩ ዘመቱ።

በዳኝነቱ ሚዛን ላይ የስሙ ፊደላት ያው ናቸው። የተለያየው ማን ለማን ሕግ እንደጣሰ ነው።

የቶፒካዋ ልጅ

ጆን ብራውን የተዋጋባት ካንሳስ ባርነት የሌለባት ክፍለ አገር ሆነች። በዋና ከተማዋ በቶፒካ፣ በምክር ቤቱ ሕንጻ ግድግዳ ላይ እጆቹን ዘርግቶ የሚታይበት ግዙፍ ሥዕል አለ። በዚያችው ከተማ ግን በ1950 ጥቁር ሕፃናት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚማሩት ተለይተው ነበር።

ኦሊቨር ብራውን የባቡር ድርጅት በያጅና ረዳት ፓስተር ነበር። ልጁ ሊንዳ ከቤቷ ሰባት መንገድ ርቆ የሚገኘው ሰምነር ትምህርት ቤት እያለ፣ በባቡር ሐዲድ ዳር ተጉዛ አውቶቡስ እየጠበቀች ሩቅ ወዳለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። አባቷ ሰምነር ሊያስመዘግባት እጇን ይዞ ሄደ። አይቻልም ተባለ። በ1951 በከተማው 13 ወላጆች ሲከሱ በመዝገቡ አናት ላይ የሰፈረው የእሱ ስም ነው፤ ከመካከላቸው ብቸኛው ወንድ እሱ ነበር። ከሌሎች ቦታዎች የመጡ ተመሳሳይ ክሶችም አብረው ሲታዩ፣ ሁሉም በብራውን ስም ተጠቃለሉ። የሳውዝ ካሮላይና ወላጆች ቀድመው ቢከሱም፣ ከሥራና ከመሬት ቢፈናቀሉም፣ ታሪክ የሚያስታውሰው ብራውንን ነው። ስም አንዳንዴ ለአንዱ ክብር ሲሰጥ ሌሎችን ይጋርዳል።

ግንቦት 17 ቀን 1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘጠኝ ለዜሮ ድምፅ ልጆችን በዘር ለያይቶ ማስተማር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ወሰነ። ሊንዳ ግን ያኔ ወደ መካከለኛ ደረጃ አልፋ ነበር፤ ሰምነር አልተማረችም። ከክሶቹ አንዱ በመጣበት በቨርጂኒያ፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ በተባለው ወረዳ፣ ባለሥልጣናቱ ነጭና ጥቁር አብሮ ከሚማር ብለው ከ1959 እስከ 1964 የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘጉ። ሊንዳ ብራውን ራሷ እናት ከሆነች በኋላ በ1979 መዝገቡ እንደገና እንዲከፈት ጠየቀች።

ስሙን ሳይቀይሩ መዝገቡን መክፈት

በ2001 ሩት ሲመንስ የብራውን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከቴክሳስ የጢሰኛ ገበሬ ቤተሰብ፣ ከ12 ልጆች የመጨረሻዋ፣ የባሮች ዘር የሆኑ ሴት ናቸው። አይቪ ሊግ በሚባሉት ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ፕሬዚዳንት ሲሾም የመጀመሪያው ነበር። በ2003 ዩኒቨርሲቲው ከባርነት ጋር የነበረውን ግንኙነት የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋሙ። ውጤቱ በ2006 ወጣ። የሳሊ መዝገብ፣ የሕንጻው ሠራተኞች፣ የለጋሾቹ ገንዘብ ምንጭ ለሕዝብ ተገለጠ። ዩኒቨርሲቲው ለፕሮቪደንስ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆች የሚውል የ10 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አቀደ፤ በ2014 በግቢው መታሰቢያ ቆመ።

ስሙ አልተለወጠም። ስም መቀየር ቀላሉ ነገር ነው። ሰሌዳ አውርዶ ሌላ መስቀል አንድ ቀን አይፈጅም። መዝገቡን ከፍቶ «ይህ የተሠራው በማን ጉልበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው ከባዱ። ብዙ ተቋማት የመጀመሪያውን አድርገው ከሁለተኛው ይገላገላሉ።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን ይወሰዳል? አንድ ስም ባሪያ ነጋዴውንም፣ ባሪያውንም፣ ለባሪያው የተሰቀለውንም ይዟል። ብራውን የሚለውን ሰምቶ «የእነ እንትና ወገን ነው» ያለ ሰው፣ ከአራቱ ወንድማማቾች መካከል እንኳ ጆንንና ሞዝስን መለየት አይችልም።

በኢትዮጵያ የሚወረስ የቤተሰብ መጠሪያ ባይኖርም በሽታው ግን አለ። የሰው ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይጠየቃል፤ ከዚያ ሰፈሩ፣ ወገኑ፣ ጥፋቱ ሳይቀር ይመደብለታል። ሳይናገር ተፈርዶበት፣ ሳይሠራ ተመስግኖ ያልፋል። በሌላ በኩል ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፤ ያኔ የተወለዱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ፤ የእነሱ አያቶች ታሪክ ግን ስንቱ ቤት ተከፍቶ ይነበባል? ሰውን በስሙ መፍረድ ይቀላል፤ የራስን ቤት መዝገብ ማንበብ ይከብዳል።

ዛሬ በአሜሪካና በአውሮፓ የሚወለዱ የኢትዮጵያውያን ልጆች አዲስ ነገር ገጥሟቸዋል። ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ የአያት ስም እዚያ ላይ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ አይንቀሳቀስም። በእንግሊዝ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ቡናማው ሰውዬ ላይ የሆነው በእነሱ ላይ እየሆነ ነው። አያት ሳያውቁት የትውልድ ሁሉ መጠሪያ ሆነዋል። ስሙ ምን ትርጉም እንደሚኖረው ግን አያትም ቅጹም አይወስኑም።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል የአገር ሰው። እውነት ነው፤ የሁለቱም ጆን ብራውን ስም ውሏል። የዋለው ግን ስሙን ብቻ ተከትሎ አይደለም፤ ሥራቸውን ተከትሎ ነው።